ከእንጀራው በፊት ጭልፋውን ለኩ

ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨክነው በእንጀራ ላይ ነው። እኔም ከእሱ ጀመርኩ። ከ89 ኪሎ ወደ 78 ለመውረድ አሥር ወር ሲፈጅብኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለ ውጤት ያለፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ምሳ ላይ እንጀራ የተወ ሰው ማታ 2 ሰዓት ላይ ከመሀል ከተማ ኮዬ ፈጬ ሲደርስ ረሃቡ ልክ የለውም፤ ወጡ እስኪሞቅ ሁለት እፍኝ ቆሎ ይቆረጥማል። ሁለት እፍኝ ቆሎ በኩሽና ሚዛን 80 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 300 ካሎሪ። የተተወው ግማሽ እንጀራ ከዚያ አይበልጥም።

ለውጡ የመጣው የዘይቱን ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ነው። ቤታችን አራት ነን፤ ባለ 5 ሊትሩ ጄሪካን በወር ያልቅ ነበር። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስላለው ጄሪካኑ ከ41,000 ካሎሪ በላይ ይይዛል፤ ለአራት ሰው በ30 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዱ በቀን 345 ይደርሰዋል። የሚረጋውን ትቶ ፈሳሹን መግዛት ይህን ቁጥር አይለውጥም። ፈሳሹ ለልብ ይሻላል፤ ለክብደት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው።

ዘይት የሚበዛው በጭልፋ ስለሚቀዳ ነው። የእኛን ጭልፋ በውሃ ስለካው 70 ሚሊ ሊትር ያዘ፤ ወደ 580 ካሎሪ ማለት ነው፤ ለአንድ ድስት ደግሞ ሁለት ጭልፋ ይገባ ነበር። አሁን የምንለካው በሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል፤ ዘይት ሳይነካው በትንሽ እሳት፣ ድስቱ ተከድኖ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቁላላል፤ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ሽንኩርቱ ልሞ ሲሟሟ ብቻ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከበርበሬው ጋር ይገባል። ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረት አያዋጣም፤ የበርበሬ ቀለምና መዓዛ የሚወጣው በስብ ስለሆነ ወጡ ገርጥቶ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ቤተሰቡም በሳምንቱ ወደ ጭልፋው ይመለሳል። ሽንኩርቱን ያቻኮለ ሰው ደግሞ ወጡ ውሃ ይለይበትና ያንን ለመሸፈን ዘይት ይጨምራል። ትዕግሥቱ መዋል ያለበት ሽንኩርቱ ላይ ነው። እንዲህ ስንሠራ ጄሪካኑ ሁለት ወር መቆየት ጀመረ፤ ለአንድ ሰው በቀን 170 ካሎሪ ያህል ቀነሰ።

ስኳሩ ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ሲጠጣ 192 ይሆናል። ሁለት ሳምንት በሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ በአንድ፤ ምላስ በዚህ ፍጥነት ይለምዳል። በማር መተካት ጥቅም የለውም፤ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው። የዝንጅብልና የሎሚ ሙቅ ውሃም ስብ አያቀልጥም፤ ስኳር ያለው ሻይ ከተካ ብቻ ይጠቅማል።

ጾም ያከሳል የሚለውን እምነት በጥንቃቄ ያዙት። እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ካገኘ የቀኑን ቁጠባ በአንድ ቁጭታ ይመልሰዋል፤ ሊጡ ሲጠበስ ዘይት ይጠጣልና። እኔን የጠቀመኝ በምሳ ዕቃ የሚያዝ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ ነው። ደረቅ ባቄላና ምስር በ100 ግራም 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው፣ ሽምብራም ወደ 20፤ ከአሰሩ ጋር ተደምሮ ጥጋቡ ይቆያል። ከዋዜማው ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ባቄላ ግን ማገዶ ይጨርሳል እንጂ አይበስልም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ጾም ባልሆነ ቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ገበታውስ? ከትሪ አብሮ ሲበላ ስንት እንደተበላ አይታወቅም፤ የጎረሰው እጅ አይቆጥርም። የራሴን ድርሻ ትሪው ሳይቀርብ እለያለሁ፦ ከእንጀራው ግማሽ፣ ከጎመን ወይም ከጥቅል ጎመን ሁለት ጭልፋ፣ ከሽሮ ወይም ከምስር አንድ። ጎመኑ ቀድሞ ይበላል፤ በራሱ ውሃ ስለበሰለና ዘይቱ በመጨረሻ በአንድ ማንኪያ ስለገባ ሆድ ይሞላል እንጂ ካሎሪው ትንሽ ነው። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ስለዚህ ቦታ ትቼለት እቀመጣለሁ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የምግብ መጠኑን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ እንደነበረ ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

የምመዘነው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ምንም ሳልቀምስ ነው። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት 300 ግራም ገደማ ወርጃለሁ። በየቀኑ የሚመዘን ሰው ግን ይሸበራል፤ ጨው የበዛበት ወጥ በማግሥቱ ውሃ አስይዞ ሚዛኑን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊያስጨምር ይችላል። የፋሲካ ሰሞን ሚዛኑ ቢሰቀል እራት አትዝለሉ፤ ወደ ተለመደው ድርሻ ተመልሳችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ተመዘኑ።