ይሉኝታ የማያውቀው ካፒቴን

ሳንፍራንሲስኮ ኤርፖርት፣ እኛ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሎት ውስጥ ስቀመጥ ዘፈን አልሰማም። የፓይለቶችንና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ወሬ ነው የምሰማው። ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። አብዛኛው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ያሰለቻል። አንዳንዴ ግን ጠብ አለ።

ሎቱን እስካሁን የሚያከራክረው የኦክቶበር 2023ቱ ነው። ከሙኒክ የመጣ የሉፍታንዛ ኤርባስ ማታ ደረሰ። ተቆጣጣሪው፣ ሌሎቹን እንደሚያደርገው፣ አጠገብህ ያለውን አውሮፕላን በዓይንህ እያየህ ርቀትህን ጠብቀህ ግባ አለው። ካፒቴኑ እምቢ አለ። ማታ ላይ ይህን ድርጅቴ አይፈቅድልኝም፣ በመሣሪያ እየተመራሁ ነው የማርፈው አለ።

ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እዚህ ያሉት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች በመሃላቸው ያለው ርቀት 230 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያኔ አብራሪዎቹ በዓይን ከተያዩ ጎን ለጎን ይገቡ ነበር፣ ሰልፉም ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር። አንዱ አይሆንም ካለ ተቆጣጣሪው ለእሱ ብቻ ሰፊ ክፍተት መፍጠር ነበረበት። ስለዚህ ጀርመኑን ጠብቅ አለው።

አሥር ደቂቃ ተባለ። አሥሩ አለፈ። ካፒቴኑ፣ ያልከኝ ጊዜ ካለቀ አራት ደቂቃ ሆነው ብሎ አስታወሰው። በዚሁ ከቀጠለ የነዳጅ አደጋ እንደሚያውጅና ያኔ ሰልፉ ምን እንደሚሆንም ነገረው፤ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ተቆጣጣሪው በመጨረሻ፣ ንግግራችን አብቅቷል፣ ወይ ኦክላንድ ሂድ ወይ ጠብቅ፣ ምረጥ አለው። ኦክላንድ ሄደ። ከባሕሩ ማዶ፣ እኔ ሰፈር ማለት ነው።

ሎት ውስጥ ብዙው ሰው በካፒቴኑ ይፈርዳል። «ወገኛ! እንደ ሰው አያርፍም?» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወገኛ ነው የምፈልገው። ለምን ቢሉ፣ ትሑቱን አውቀዋለሁና።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1990፣ የኮሎምቢያው አቪያንካ 52 ወደ ኒውዮርክ ኬኔዲ ይመጣል። ቦይንግ 707 ነው፣ 158 ሰው ይዟል። አየሩ ክፉ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ አየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ለማረፍ ሲሞክር ነፋሱ አላስወረደውም። ካፒቴኑ በስፓኒሽ ረዳቱን፣ አደጋ ላይ ነን ብለህ ንገራቸው አለው። ረዳቱ በእንግሊዝኛ የተሰጠውን አቅጣጫ ደገመና ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚለውን ጣል አደረገ። አደጋ የሚለውን ቃል አላወጣውም። ተቆጣጣሪዎቹ ራቅ አድርገን ልናዞራችሁ ነው፣ ነዳጃችሁ ይበቃችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ «ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ» ነበር።

ይህን ሳነብ እርቦን ሳለ «በልቻለሁ» ብለን የምናልፈው ማዕድ ነው የመጣብኝ። እዚያ ግን 73 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ኮረብታ መታ። እሳት እንኳ አልተነሳም፣ የሚነድ ነዳጅ አልነበረማ። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በዋናነት በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ የትራፊክ አያያዙንም ግን አልማሩትም። ዛሬ ነዳጄ ሊያልቅ ነው፣ አደጋ ላይ ነኝ ለማለት «ሜይዴይ ፊውል» የሚባል ቁርጥ ያለ አነጋገር አለ። ያ ከተባለ ማንም ይበቃሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ለዚህ ነው የሙኒኩ ካፒቴን አፉ ቢከፋም የማልከፋበት። እምቢ ያለው ገና ነዳጅ ሳለው ነው። ተሳፋሪዎቹ ተንገላቱ፣ እውነት ነው። ግን ሁሉም በእግራቸው ወረዱ።

በተቆጣጣሪውም ቢሆን ክፍተት አልሰጠም ብዬ አልፈርድም፤ ያን ሁሉ ሰልፍ ለአንድ ሰው ማፍረስ አይችልም። ቅር የሚለኝ ያ አሥር ደቂቃ ነው። መቼ እንደምጠራህ አላውቅም ቢለው ኖሮ ካፒቴኑ ነዳጁን አስልቶ ቀደም ብሎ ኦክላንድ ይወርድ ነበር።