ጣርማበርን በሁለት ቁጥር

ከተማ ውስጥ ስነዳ ማንንም አልፈራም። መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት፣ መርካቶን በበዓል ዋዜማ፣ ሁሉንም ለምጄዋለሁ። ሚኒባስ ከጎን ሲገባብኝ መስኮት ዝቅ አድርጌ የምለው አላጣም። ገደል ሳይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። መዳፌን ያልበኛል፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ ፔዳል ላይ ያለው እግሬ ይንቀጠቀጣል።

ችግሩ አማቴ የሚኖሩት ደሴ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሀል ላይ ደግሞ ጣርማበር አለ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ በዚያ ብርድ ጥቂት እንደተጓዛችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ይመጣል፤ 600 ሜትር የማይሞላ፣ ጨለማ፣ ጠባብ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። በአንዱ አፍ ገብታችሁ በሌላው ስትወጡ ከጎናችሁ ገደል ነው። ከዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል፣ 1,300 ሜትር ገደማ እስከሆነችው ሸዋ ሮቢት መውረድ ብቻ ነው። ዋሻው ጋ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሮቢት ላይ በካናቴራ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል።

ለዓመታት የሚነዳው ባለቤቴ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ እጠጣና ዋሻው ሲቃረብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ እላለሁ። ልጆቹ እንኳ ነቅተውብኛል፤ ትልቋ «እማዬ ውሸት መተኛት ጀመረች» ትላለች።

በ2009 ዓ.ም. ባለቤቴ የወገብ ዲስክ ታመመ። ረጅም መንገድ መንዳት ቀረ። ገና ደግሞ ደረሰ፣ አማቴም ደወሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። መኪናችን አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። ከጉዞው በፊት ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «የፍሬን ሸራው ገና አዲስ ነው፣ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ።

ዋሻው ጋ ስንደርስ ጉም ነበር። ከፊቴ አንድ ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወርዳል፣ ከኋላዬ አንድ ኢሱዙ አፍንጫውን የኋላ ኮፈኔ ላይ የጫነ ያህል ተጠግቶ ክላክስ ያደርጋል። እኔ እግሬን ከፍሬን ላይ አላነሳሁም። መንገዱን ሙሉ ረግጬ ወረድኩ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የተቃጠለ ላስቲክ ዓይነት። ባለቤቴ «የሲኖው ነው» አለ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ስረግጠው ድሮ ከሚይዝበት አልፎ ይገባል፣ ስፖንጅ እንደመርገጥ ነው። ልቤ አፌ ውስጥ ገባች።

እግዜር ይስጠው፣ ኩርባው ላይ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ቆምን። ልጆቹን አወረድኳቸው። ያ የሚጮህብኝ ኢሱዙ አልፎ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። እኔ የውሃ ሃይላንድ ይዤ ወደ ጎማው ሳመራ እጄን ያዘኝ፦ «እህቴ፣ ውሃ እንዳታፈሺበት፣ ይሰነጠቃል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ይቀዘቅዛል።» ሃምሳ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትንሿ ልጄ ሎሚ እያሸተተች፣ ፌስታሏን እንደያዘች። እኔ ከብርዱ ይልቅ ድንጋጤው አንቀጠቀጠኝ። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ነዳ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ደሴ አልሄድኩም። ሰበብ አላጣሁም። ሥራ በዛ፣ ልጆቹ ፈተና አላቸው፣ መኪናዋ ቦሎ አልወጣላትም። ባለቤቴ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ሲመለስ ሦስት ቀን ይተኛል። አማቴ በስልክ «ልጆቹ መልኬን ረሱት» ሲሉ የምገባበት ጠፋኝ።

መድኃኒቱ የመጣው ከጎረቤት ነው። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረተኛ ሹፌር አሉ። አሰብ የኛ ወደብ በነበረበት ጊዜ ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ፊያት የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዱ በጣርማበር የተመላለሱ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን ነገርኳቸው። አይዞሽ አላሉኝም። «መኪናሽን አሳዪኝ» አሉ።

ጋቢና ገብተው ማርሹን አዩት። ከዲ በታች ሁለት ቁጥር አለ፣ ከሱ በታች ኤል የሚል ፊደል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ስድስት ዓመት ነድቻለሁ አላልሽም?»

እውነቴን ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ነክቻቸው አላውቅም። ዲ ላይ አድርጎ መሄድ ነው የማውቀው። እሳቸው ሳቁና ከዚያ በኋላ በየሰው ፊት የሚደግሙትን ነገር አሉ፦ «ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሹ ሲከብድ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። መኪናው በራሱ ክብደት ሊሮጥ ሲል ሞተሩ ይጎትተዋል። ፍሬን ግን የሚይዘው በመፋተግ ነው፣ መፋተግ ደግሞ ሙቀት ነው። ቁልቁለቱን ሁሉ ከረገጡት መቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርደውን ሰው ጋሼ የሚጠሩበት ስም እዚህ አይጻፍም።

ስፖንጁስ? እሱን ሌላ ጋራዥ ሄጄ ነው የተረዳሁት። ሸራው እውነትም ደህና ነበር። ዘይቱ ግን የቡና አተላ መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። እግሬ ሥር የለሰለሰው እሱ ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የነበረበት ዘይት ከገዛኋት ጀምሮ አልተቀየረም። የመጀመሪያው መካኒክ ዘይቱን ቢያየው ኖሮ ያ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር ብዬ አሁንም እናደዳለሁ። ግን እኔም «ዘይቱስ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ይህን ሳውቅ ፍርሃቴ ግማሽ ሆነ። ለካ የምፈራው ገደሉን ብቻ አልነበረም። መኪናዋ ምን ልታደርግ እንደምትችል አለማወቄንም ነው።

ልምምዱን እንጦጦ ላይ ጀመርኩ። እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም እወጣና በሁለት ቁጥር እወርዳለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ሲጮህ መኪናዬን ያፈነዳኋት መስሎኝ ደነገጥኩ። ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው «ይጩህ፣ ሥራው ነው» አሉ። ከዚያ ፍሬንን አጥብቆ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ወዲያው መልቀቅ፣ መልሶ መርገጥ። አንጠልጥሎ መያዝ የለም። ከኩርባው በፊት መቀነስ እንጂ ኩርባው ውስጥ ገብቶ መደናገጥ የለም። ዓይንም መሄድ የምንፈልግበት ላይ ነው። ገደሉን ባየሁ ቁጥር መሪዬ ወደ ገደሉ ያዘነብል ነበር፣ ጋሼ ካልነገሩኝ አላስተውለውም።

ከታች ስንደርስ ያስቆሙኛል። «እጅሽን ወደ ቸርኬው፣ ወደ ጎማው ብረት አስጠጊ። እንዳትነኪው፣ አስጠጊው ብቻ።» እሳት የሚተፋ ከሆነ አበላሽተሻል ማለት ነው። ለብ ካለ ጎበዝ። የመጀመሪያው ቀን ተፋ። አራተኛው እሑድ ለብ አለ።

አንድ ነገር ግን እንጦጦ ላይ አልለቀቀኝም። ከኋላዬ መኪና ሲመጣ ሁሉንም እረሳለሁ። እፈጥናለሁ፣ ከዚያ እደነግጣለሁ፣ ከዚያ ፍሬን። አንድ ቀን አንድ ላዳ ሲጮህብኝ ጋሼ ጠየቁኝ፦ «ማነው የሚነዳው፣ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» ቆም ብዬ ሳስበው ጣርማበር ላይም እንዲሁ ነበር። ያን ቀን ጉሙ ውስጥ ይበልጥ የፈራሁት ኢሱዙውን ነው። «ሴት ናት የምትነዳው» ይላል ብዬ፣ መንገድ ዘጋች ይላል ብዬ። ይሉኝታ። ሁለት ልጅ ጭኜ በይሉኝታ ስነዳ ነበር ማለት ነው!

መላው ቀላል ነው፣ ለማድረግ ግን ፊት ይፈልጋል። ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ፍሬቻ አብርቶ ጥግ መያዝ፣ ማሳለፍ። እንጦጦ ላይ ማንም ሳይጮህብኝም እየቆምኩ አሳለፍኩ፣ ፊቴን ለማደንደን።

ባለቤቴንም ማስተማር ነበረብኝ። እሱ ጋቢና ሲቀመጥ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «ቀስ!» ይላል፣ ቀጥሎ «ኧረ ቀስ!» ይላል። የሱ አንድ ቀስ ከአንድ ኩርባ በላይ ታስደነግጠኛለች። ተስማማን፦ ካልጠየቅኩት አይናገርም። ሥራው ሎሚ መቁረጥና ፌስታል ማቀበል ነው። ቅር ብሎት ነበር፣ ግን ሠራ።

ከልምምዱ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደሴ አልሄድንም። ደብረ ብርሃን አድረን፣ ጠዋት ዋሻው አፍ ድረስ ሄደን፣ ጥግ ይዘን ዳቦ በሻይ በልተን ተመለስን። ልጆቹ ጭላዳ አይተው ተደሰቱ። እኔ ጉሙ ሲወጣና ሲወርድ ሳይ ቆየሁ። እጄ አላበኝም አልልም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ አየሁት።

ለጥምቀት፣ በ2012 ዓ.ም. ሄድን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳን፣ መቸኮል የሚባል ነገር እንዳይኖር። ዋሻው ጋ የፀሐይ መነጽሬን አወለቅኩ፣ አጭር መብራት አበራሁ፤ ረጅሙን ጉም ውስጥ ካበሩት ተመልሶ ዓይን ላይ ነው። ከመግባቴ በፊት ቀነስኩ፤ ከብርሃን ወደዚያ ጨለማ ሲገባ ዓይን ለትንሽ ጊዜ ምንም አያይም፣ ውስጥ ደግሞ ሰው ከነአህያው ሊኖር ይችላል። ስንወጣ ማርሹን ሁለት ቁጥር ላይ አደረግኩ። ሞተሩ ጮኸ። ትንሿ «እማዬ መኪናዋ አመማት?» አለች። «ሥራዋ ነው» አልኳት።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪውን አንቄ ይዤ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ላላ አደረግኳቸው፣ ትንፋሼን በረጅሙ አወጣሁ። መንቀጥቀጡ አልቆመም፣ ግን ከኔ ጋር አብሮ ወረደ። ከኋላ አንድ ኢሱዙ መጣ፣ መብራቱን አብልጭልጭ አደረገ። ፍሬቻ አበራሁ፣ ጥግ ያዝኩ፣ አሳለፍኩት። ሹፌሩ እጁን አውጥቶ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ሌላ አሳለፍኩ። የሚወጣ ተሳቢ ኩርባ ላይ ሲገጥመኝም ቆሜ ጠበቅኩት፤ ለሚወጣ ቅድሚያ ነው፣ እሱ ከቆመ መነሳቱ መከራ ነው። ባለቤቴ ሎሚውን እስኪደርቅ ጨመቀው እንጂ አንድም ቀስ አላለም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የመጣውን ጦርነት ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ለመንገደኛ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላም ነው፣ ፍሬን ሁለተኛ ነው። ያኔ ግን ጭንቀቴ ገደሉ ብቻ ነበር።

ደብረ ሲና ገብተን አቆምን። የልጆቹ ጆሮ ተደፍኖ ነበርና ቆሎ ገዛሁላቸው፤ ሲያላምጡና ሲውጡ ይከፈታል። ከዚያ ጋሼ ጋ ደወልኩ። በኩራት «ጋሼ፣ ወረድኩት!» አልኳቸው።

እንኳን ደስ ያለሽ አላሉም።

«ቸርኬውስ?»

ስልኩን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ፊት ጎማው አስጠጋሁ።

«ለብ ብሏል ጋሼ።»

«በይ ሻይሽን ጠጪ፣ ሮቢት ገና ነው» አሉና ዘጉት።