የእባቦቹ ነገሥታት

ዛሬ ከቤት ሳልወጣ በህንድ ተረት ናጋ ስለሚባሉት የእባብ ፍጡራን ሳነብ ዋልኩ። ማሃባራታ በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም፣ የእባቦቹ ንጉሥ ታክሻካ ንጉሥ ፓሪክሺትን ነድፎ ይገድለዋል። ልጁ ጃናመጃያም የአባቱን ደም ሊበቀል እሳት አስነድዶ እባቦችን በሙሉ ሊፈጅ ተነሳ። በካህናቱ ድግምት እየተሳቡ እሳቱ ውስጥ ሲረግፉ፣ አስቲካ የሚባል ወጣት ደርሶ አስቆመው። እናቱ ከእባቦቹ ወገን፣ አባቱ ሰው። ሁለቱም ወገን ዘመዱ የሆነ ልጅ! እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ብዙ ቆየሁ።

ናጋ የሚባሉ የእውነት ነገሥታትም ነበሩ። የህንዱ ንጉሥ ሳሙድራጉፕታ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከእነሱ አንዱን፣ ጋናፓቲናጋን፣ ድል እንዳደረገ የአላሃባድ ዓምድ ላይ ተቀርጿል። የሳሙድራጉፕታ ልጅ ዳግማዊ ቻንድራጉፕታ ደግሞ የናጋ ልዕልት ኩቤራናጋን አገባ።

የእኛው ዘንዶ ንጉሥ አርዌ ትዝ አለኝ። አያቴ ስትተርክልኝ፣ ሲገደል ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ አሳዘነኝ።