ንግሥቶቹ ከወጡ በኋላ

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ከቼዝ ጨዋታው በፊትም እንዲሁ ነበርኩ፣ እና በውድድሩ አላሳብብም።

ጥቁር ደርሶኝ ነበር። ልጁ ኢ4 ገፋ፣ ፈረሱን አወጣ፣ ቢሾፑን ቢ5 ላይ አስቀመጠ። እኔም ፈረሴን ወደ ኤፍ6፤ በርሊን የሚባለው አከፋፈት ውስጥ ገባን። 8ኛው እርምጃ ላይ ንግሥት በንግሥት ተበላች፣ ንጉሤ ዲ8 ላይ ቀረ፣ ካስሊንግ የሚባለው፣ ንጉሥን ከሰሌዳው መሃል ወደ ጎን የሚያስጠልለው እርምጃ፣ አከተመ።

አንድ ወዳጄ ይህን አከፋፈት «እንቅልፍ ነው» ይለዋል። እኔ እወደዋለሁ። ንግሥቶቹ ሲወጡ ንጉሡ መደበቁን ትቶ በእግሩ ሥራ ይጀምራል። የጥቁር ወታደሮች ሲ መስመር ላይ ተደራርበዋል፣ ነጭ በንጉሥ ወገን በወታደር አራት ለሦስት ይበልጣል። ከንጉሥና ከወታደር በቀር ያሉት መኮንኖች ሁሉ ተበላልተው ቢያልቁ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ነጭ ነው። ግን ጥቁር ሁለት ቢሾፖች አሉት፣ እና ነጭ የሚመታው ነገር ፈልጎ ያጣል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ቼዝ ውስጥ ሌላ የት አለ?

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እ.ኤ.አ. 2000፣ ለንደን፣ ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን የገጠመበት ግጥሚያ ነው። ክራምኒክ 25 ዓመቱ ነበር። በ1995 ካስፓሮቭ ከአናንድ ጋር ሲጫወት በዝግጅት ከረዱት አንዱ እሱ ስለነበር፣ ካስፓሮቭ ንግሥት ሰሌዳው ላይ ስትኖር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ንግሥቶቹን አስወጣቸው። ካስፓሮቭ በመጀመሪያው ጨዋታ በርሊንን ሊሰብር ሞከረ፤ አቻ። በ3ኛውም አቻ። በ5ኛውና በ7ኛው በሌላ ከፈተ። በ9ኛው ተመለሰበት፣ በ13ኛውም ደገመ፤ ሁለቱም አቻ። ከ1985 ጀምሮ የያዘውን ዘውድ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 8.5 ለ6.5 ተሸንፎ አስረከበ።

ካስፓሮቭ ወደ በርሊን መመለሱን ብዙዎች እልህ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ነጭ እዚያ ቦታ ላይ ይሻላል ብሎ ከልቡ አምኖ ነበር፤ ያመኑትን ነገር ደግሞ ስላልተሳካ ብቻ መተው ከባድ ነው። ለዚህ አከብረዋለሁ፣ ውጤቱን ሳስብ ግን ያመኛል። ሁለት ጊዜ ከሸሸው በኋላ፣ ከ9ኛው ጨዋታ በፊት በነበረው ሌሊት ምን አይቶ ይሆን የተመለሰው? አዲስ እርምጃ አግኝቶ ነው፣ ወይስ ሳይረታው መሄድ አልሆንልህ ብሎት?