ጣሪያ ላልነበረው ቤተ መቅደስ የተዘመረ

የባርሴሎናው አርክቴክት አንቶኒ ጋውዲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1926 ትራም ገጭቶት ሲወድቅ፣ ከልብሱ ማርጀት የተነሣ ያዩት ሰዎች ለማኝ መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። 43 ዓመት የደከመበት የሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ ገና ጅምር ስለነበር፣ የተቀበረው በዚያው ባላለቀው ሕንፃ ምድር ቤት ነው።

አለን ፓርሰንስ ፕሮጀክት የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 «ጋውዲ» ብሎ ያወጣው የፕሮግረሲቭ ሮክ (ረዘምና ውስብስብ ያለ ቅንብር የሚወድ የሮክ ዘርፍ) አልበም የሚነሣው ከዚህ ሰው ሕይወት ነው። ለዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከሰባቱ ሥራዎች ግን ሁልጊዜ ልቤን የሚይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው ነው። ጆን ማይልስ የሚዘፍነው ይህ ሥራ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠጋል።

ጋውዲ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ሲያወጣ ክሮችን ከጣሪያ አንጠልጥሎ፣ የእርሳስ ጥይት የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶችን ያስርባቸው ነበር። ክሩ በክብደቱ ተስቦ የሚሠራው ቅርጽ ሲገለበጥ፣ ጭነቱን ያለ ተጨማሪ ድጋፍ የሚሸከም ቅስት ይወጣዋል። ዘፈኑም ለእኔ እንዲሁ ነው፦ በአንድሩ ፓውል የተቀናበረው ኦርኬስትራ እየከበደ በሄደ ቁጥር ዜማው ይበልጥ ከፍ ብሎ ይቆማል እንጂ አይጎብጥም። ይህ ሲቀረጽ የቤተ ክርስቲያኑ ዋና አዳራሽ ጣሪያ እንኳ እንዳልነበረው ሳስብ፣ ሙዚቀኞቹ ገና ያልታየ ነገር አምነው እንደዘፈኑ ይሰማኛል።

ከመካከለኞቹ ዘፈኖች አንዳንዶቹ ከጋውዲ ጋር ያላቸው ዝምድና የላላ ነው፤ ስለ ገንዘብ የሚናገረው በተለይ የትኛውም አልበም ውስጥ ቢገባ እንግዳ አይሆንም ነበር። ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤሪክ ዉልፍሰን በለሰለሰ ድምፁ የሚያዜማቸው ሁለቱ ግን ከሕንፃው ይልቅ ወደ ሰውዬው ብቸኝነት ያቀርቡኛል።

የመጨረሻው ሥራ ግጥም የለውም። ስያሜውን ያገኘው ካሳ ባትዮና ካሳ ሚላ የተባሉት የጋውዲ ቤቶች ከሚገኙበት ከፓሴዮ ዴ ግራሲያ ጎዳና ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዘፈን በኦርኬስትራ ተጭኖ የሰማነው ዜማ እዚህ ሸክሙን አራግፎ በጊታር ክር ይመለሳል። አልበሙ ቡድኑ በስሙ የቀረጸው የመጨረሻ የስቱዲዮ ሥራ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ያ ጊታር ሲያበቃ ሌላ አልበም አልከፍትም፣ መልሼ የመጀመሪያውን ዘፈን አስነሣለሁ።