ዘይቱን ሳላፈስ ፊልትሮውን የቀየርኩበት መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ ለሞተር ሳይክሌ ልክ የሚሆን የዘይት ፊልትሮ ሳጣ አዲስ 20ደብሊው-50 ዘይት ሞልቼ በአሮጌው ፊልትሮ ነዳሁ። ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ፊልትሮው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። ዘይቱ ገና ማር ይመስላል፤ እሱን ማፍሰስ ብክነት ስለሆነ ፊልትሮውን ብቻ ቀየርኩ።

የኔዋ የህንድ ሥሪት ናት፣ ባለ 150 ሲሲና ባለ አንድ ሲሊንደር። ፊልትሮው የወረቀት ሲሆን በሞተሩ ቀኝ ጎን፣ በፍሪሲዮኑ በኩል፣ በሦስት ቡሎን የታሰረች ትንሽ ክብ ክዳን ሥር ይቀመጣል። የጎን ማቆሚያው ደግሞ በግራ ነው። ዘዴው ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ሞተር ሳይክሏ ወደ ግራ ስታዘነብል ዘይቱ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ክዳኑ ያለበት ቀኝ ጎን ከፍ ይላል። ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ ብትከፍቱት ግን ዘይቱ ከክዳኑ የታችኛው ከንፈር በላይ ሊሆን ስለሚችል አብዛኛው መሬት ላይ ነው የሚቀረው።

ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሞተሩ ሲያድር በየቦታው ያለው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የድሬ ነፋስም አቧራውን ማንሳት ገና አይጀምርም፤ የተከፈተ ሞተር ላይ የሚያርፍ አቧራ አሸዋ ማለት ነው። ዝንባሌውን ለመጨመር ሁለቱንም ጎማዎች 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ላይ አወጣሁና ማቆሚያውን መሬት ላይ ተውኩት። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ከማቆሚያው እግር ሥር ቀጭን ላሜራ አደረግኩ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ የፊት ፍሬኑን በላስቲክ አሰርኩት። ጣውላውን ከዚህ በላይ አታወፍሩት፣ ትወድቃለች።

ክዳኑን ከመንካቴ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በትንሽ ናፍታ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። በቡሎኖቹ ጉድጓድ ዙሪያ የተጋገረው ጭቃ ክዳኑ ሲነሳ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

በጎኑ የተቀደደ ሃይላንድ ከሥር አስገብቼ ሦስቱን ቡሎኖች በቁጥር 8 ቲ ቁልፍ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር አላላሁ። የላይኛውን መጨረሻ ነው የፈታሁት፤ ክዳኑ ከታች በኩል ቀድሞ ሲላቀቅ ዘይቱ ወደ ሃይላንዱ ይወርዳል እንጂ አይረጭም። የወጣው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከፋርማሲ በገዛሁት ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ለካሁት። ቡሎኖቹን ደግሞ እንደ አቀማመጣቸው ካርቶን ላይ ሰካኋቸው። ርዝመታቸው ከተለያየና ረጅሙ አጭሩ ቦታ ከገባ ጥርሱን ይበላዋል።

አሮጌው ፊልትሮ ከመውጣቱ በፊት የቱ ጎኑ ወደ ውጭ እንደነበር በስልክ ፎቶ አንሱ። ተገልብጦ ከገባ ክዳኑ ይዘጋል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ግን ዘይቱ ወይ ሳይጣራ ያልፋል ወይ መንገዱ ይታነቃል፣ ከውጭ ምንም ምልክት አይታይም። እኔ እዚህ ላይ ነው ብዙ ደቂቃ የማጠፋው። ሞላ ያላቸው ሞዴሎች ላይ ሞላዋ ክዳኑ ውስጥ ተጣብቃ ትወጣና ከመጥረጊያ ጨርቁ ጋር ተጠቅልላ ትጠፋለች። ክዳኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት በጣታችሁ ዳስሱት።

አሮጌውን ፊልትሮ በምላጭ ቀድጄ የወረቀቱን እጥፋት በፀሐይ ዘረጋሁት። ጥቁር ዝቃጭና ጥቂት ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ነበረበት። ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ስንጣሪ ብታዩ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ቢመስል፣ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፣ ሥራውን አቁሙና ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ። ብረቱ የሚበላ ነገር እንዳለ፣ ወተቱ ውሃ እንደገባ፣ ሽታው ቤንዚን ወደ ዘይቱ እንደሚወርድ ይናገራል። ያን ጊዜ ዘይት መቆጠብ ሞተር ማቃጠል ነው።

የክዳኑ ኦሪንግ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት) ክብነቱን አጥቶ እንደ ቀበቶ ጠፍጥፏል፤ እንዲህ ያለው መልሶ አይዘጋም። ቦይውን በጨርቅ ጠርጌ አሮጌው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አየሁና አዲሱን ኦሪንግ ዘይት ቀብቼ አስገባሁ። ሲሊኮን አትጨምሩ። የሚተርፈው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ተቆርሶም የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል።

አዲሱን ፊልትሮ ንጹሕ ዘይት ውስጥ አርሼ አስገባሁት፤ ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ አይደርስም። ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በየተራ በትንሹ አጠበቅኩ። 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ይህም የቲ ቁልፉን እንደ ሻይ ማንኪያ ይዞ በእጅ አንጓ ብቻ ማጥበቅ ነው። ቢያንጠባጥብ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የተጣመመ ኦሪንግ ነው፣ በኃይል ማጥበቅ ጥርሱን ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከወጣው 70 ሚሊ ሊትር ላይ ፊልትሮው የሚጠጣውን 20 ጨምሬ 90 መለስኩ። ከዚያው ዓይነት ዘይት መሆን አለበት፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ከሌለ አትጨምሩ፣ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ጋዝ ሳልሰጥ 3 ደቂቃ አስነሳሁ፣ አጠፋሁ፣ ሌላ 3 ደቂቃ ጠበቅኩ። ከጣውላው አውርጄ ቀጥ አድርጌ ስይዛት ዘይቱ በሞተሩ ጎን ባለው የዘይት ማያ መስተዋት ሁለት መስመሮች መካከል ቆመ። በጎን ማቆሚያ ላይ ሆና የሚታየው ልክ ውሸት ነው። በዝቶ ከሆነ በዘይት መሙያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በሲሪንጁ ቅዱ።

የክዳኑን ዙሪያ በነጭ ሶፍት ጠርጌ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ደርሼ ተመለስኩና እንደገና ጠረግኩ፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሞተሩ እዚያ በደንብ ስለሚግል ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ ቆሜ ሶፍቱን ደገምኩ።

ይህ ዘዴ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ላይ አይሠራም፣ በጎን ማቆሚያ አታዘነብልምና። ማጣሪያቸው ከሥር፣ በማፍሰሻው ታፖ በኩል የሚወጣ ሞተሮችም ዘይታቸው መፍሰሱ አይቀርም። የተረፈውን አሮጌ ዘይት ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፤ በጠርሙስ ዘግታችሁ ጋራዥ ስጡት።