ጆተኒ አጠገብ ኬሚስትሪ

የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን ምን እንጠብቃለን። የሰፈራችን የወጣት ማዕከል ውስጥ ግን ይሞቃል። አንዱ ጥግ ጆተኒ ይንኳኳል፣ ሌላው ጥግ ከረንቡላ። መሀል ላይ እኔና አሥራ ምናምን ልጆች ቆርኪ ይዘን እንጯጯሃለን።

ቆርኪውን የለቀምኩት ከግሮሰሪ ነው። የቢራ ቆርኪ በፌስታል ተሸክማ የምትሄድ አስተማሪ ምን እንደምትባል እናንተው ገምቱ። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ጻፍኩበት፦ ሶዲየም ፕላስ 1፣ ክሎሪን ማይነስ 1፣ ኦክስጅን ማይነስ 2፣ አሉሚኒየም ፕላስ 3። ሰባት ሰባት ይታደላል። ድምሩ ዜሮ የሚመጣለት ይጥላል፤ ቀድሞ እጁ ባዶ የሆነ በላ። ኮንከር ለሚችል ልጅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

እነዚህ ቁጥሮች ቫለንሲ ይባላሉ። ክፍል ውስጥ ይሸመድዱታል፣ ይፈተኑታል፣ ይረሱታል። እዚህ ሁለት አሉሚኒየም ይዞ ሦስተኛ ኦክስጅን ያጣ ልጅ «ፕላስ ስድስት ይዤ ማይነስ አራት!» እያለ ጎረቤቱን ሲለማመጥ ታዩታላችሁ።

የሶዲየም ምልክት ደግሞ አለ። ከላቲኑ ናትሪየም የመጣ ስለሆነ ሲነበብ «ና» ነው። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሚያምታታቸው እሱ ነው። እዚህ ሶዲየም የጣለ «ና!» ይላል፣ ክሎሪን የያዘው «መጣሁ!» ብሎ ይደርብበታል። ጨው ሆነ። ይህን እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።

ብረትን ፕላስ 3 ብቻ ብዬ ጽፌው ነበር። ቀዩ ዝገት ነው መሰለኝ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው። ጆተኒ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመ ልጅ ዞር ብሎ «ቲቸር ይቅርታ፣ ብረት ግን ፕላስ ሁለትም ይሆን የለ?» አለ። ይሆናል እንጂ። ፊቴ እንደ ዝገቱ ቀላ። ቆርኪውን ገልብጬ ጀርባው ላይ 2 ጻፍኩበት። አሁን ብረት ጆከር ሆኗል፤ የሚሻሙት እሱን ነው። ልጁም ጆተኒውን ትቶ መጣ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ብር ማስያዝ ጀመሩ። ቆርኪውን ቀማኋቸውና በሳምንቱ እርድ ይዤ መጣሁ።

እርድ ውሃ ውስጥ ደህና አድርጎ አይሟሟም። ስለዚህ ቤቴ በአረቄ በጥብጬ ወረቀት ነከርኩበት፣ አደረቅኩት። (ከቆርኪው ቀጥሎ አረቄ። ስሜ እንግዲህ ሄዷል።) ሁለት ቡድን ሆኑ። እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን ፈሳሽ ከማንጠባጠቡ በፊት ይገምታል፦ ቢጫ እንዳለ ይቀራል ወይስ ይቀላል? ሎሚ፣ ቢጫ። እርጎ፣ ቢጫ። የአመድ ውሃ ጠብ ሲል ወረቀቱ ቀላ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ድስት በአመድ ለምን እንደሚታሽ የጠየቁኝ ያኔ ነው። አመዱ ቤዝ ነው፣ እንደ ሎሚ ያለ የአሲድ ተቃራኒ፤ ቅባት ይፈታል።

የሳሙና ውሃ ሲቀላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ውይ! ለካ ለዚህ ነው!»

ለፋሲካ ነጠላዋ ላይ አልጫ ፈሶባት ነበር። እናቷ ሳያዩ በሳሙና ብታሸው እድፉ ቀይ ሆነ። ደም መሰላት፤ እናቷም ደርሰው ተቆጧት። ሎሚ ሰጠኋትና የቀላው ወረቀት ላይ አንጠባጠበች። ወደ ቢጫ ተመለሰ። ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሰችው፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ሳሙና።

«እሺ ቲቸር፣ ቢጫውስ በምን ይለቃል?»

«ፀሐይ ላይ አስጪው። የእርድን ቀለም ፀሐይ ታፈዘዋለች።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«በነሐሴ?»